የባለ አፍንጫው ነጭ ወይን

«ነጩን ወይን የሚሠራው አባቴ ነው፤ እህቴ ጠርሙስ ታጥባለች» አለ ወንድምየው ለእንግዳው፤ ግድግዳው ስስ መሆኑን እያወቀ፣ ወይም ማወቁ ሳያስፈልገው። ከግድግዳው ወዲህ ልጅቱ ክንዶቿን እስከ ክርኗ ሙቅ ውሃ ውስጥ እንደነከረች እጇን ሳታንቀሳቅስ ቆመች። አባቷ እዚያው እንግዳ መቀበያው ውስጥ ነበረ። ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማችው፤ አሁን ያርመዋል ብላ ጠበቀች። «ጎበዝ ናት» አለ ሽማግሌው። «ባለፈው ዓመት አንድ ጠርሙስ እንኳ አልሰበረችም።» ሦስቱም ወንዶች ሳቁ። የእንግዳው ሳቅ አጭር ነበር፤ ሰው በሰው ቤት የሚስቀው ዓይነት። የአባቷ ግን ከልብ ነበር።

ልጅቱ የምንላት አርባ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት ናት። በዚህ ቤት ያላገባች ሴት ፀጉሯ ቢሸብትም ልጅቱ ናት፤ ያገባ ወንድ ግን አፉን መዝጋት ባይችልም ጌታው ነው። ሠራተኞቹ ወንድሟን ከጀርባው ሬዲዮ ይሉታል፤ የሚያደምጠው ኖረም አልኖረም ይናገራልና። አባታቸውን ደግሞ ከተማው በሙሉ ባለ አፍንጫው ይለዋል። ዱሮ፣ አፍንጫው አፍንጫ በነበረበት ዘመን፣ ከብርጭቆ ላይ አንዴ ስቦ ወይኑ ከየትኛው ጥግ እንደተለቀመ፣ ለቃሚው እጁን በሳሙና ታጥቦ እንደነበር ጭምር ይናገር ነበር አሉ። ስም ከሰው ይልቅ ዕድሜው ረጅም ነው፤ አፍንጫው ከሄደ በኋላም ስሙ ሳይሸበት ቀርቷል።

አያትየው ወይኑን ሲተክል ከተማው ሩቅ ነበር። አሁን መጥቶ አጥሩ ላይ ተደግፏል። በአንድ ወገን የአውቶቡስ ፌርማታ፣ በሌላው ወገን ባለ ብዙ ፎቅ መኖሪያ ቤት አለ፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የጎረቤት ካልሲና የትራስ ልብስ ከሰገነቱ እየወረደ ወይኑ ሐረግ ላይ ያርፋል። ቤቱ ሁለት በር አለው። በፊት ለፊቱ በር መኪና ያላቸው ይገባሉ፤ የአያትና የቅድመ አያት ፎቶግራፍ ከተሰቀለበት አዳራሽ ተቀምጠው በቀጭን ብርጭቆ ይቀምሳሉ፣ ጠርሙሱን በሐር ወረቀት አስጠቅልለው ይሄዳሉ። በጓሮው በር ደግሞ የሰፈሩ ሰው ጀሪካኑን ይዞ ይሰለፋል፤ ከበርሜል የተራረፈውን፣ ማንም ስም ያላወጣለትን ይቀዳል። በፊት በር አንድ ጠርሙስ የሚገዛ ገንዘብ በጓሮ በር ለአንድ ድግስ ይበቃል። ሁለቱ ገዢዎች ተያይተው አያውቁም፤ የቤቱ ክብር በሙሉ የቆመው በዚያ ነው።

አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሬዲዮ በወርቅ ቀለም ያስጻፈው ቃል አለ፦ «ምንም አንነካም»። የነጩ ወይን አሠራር ምስጢር ይህ ነው እየተባለ ለእንግዳ ይነገራል። እኛ ምንም አንጨምርም፣ ምንም አንቀንስም፣ ወይኑ ራሱን በራሱ ይሠራል፣ አባቴ ብቻ ያሸትተዋል። እንግዳው ራሱን ይነቀንቃል። ማንም ደፍሮ «ታዲያ እነዚህ እጃቸው የተሰነጣጠቀ ሴቶች ምን ሲሠሩ ያድራሉ?» ብሎ አይጠይቅም። ምንም የሚባለው ነገር ጎህ ሳይቀድ ይጀምራል፤ ዘለላው ፀሐይ ሳይነካው መለቀም አለበት። ከዚያ ቶሎ መጨመቅ፣ ጭማቂው ከልጣጩ ጋር ውሎ እንዳይጠቁር። ከዚያ አርግቶ ከቆሻሻው መለየት፣ በርሜሉን በእርጥብ ጆንያ እየጠቀለሉ ማቀዝቀዝ፣ ቀስ ብሎ እንዲፈላ ሌት ተቀን ማባበል። ሲፈላ ሰንብቶ ሲረጋ ደግሞ ከወፍራሙ አተላ ላይ ገልብጦ ወደ ንጹሕ በርሜል ማዛወር፤ በርሜሉ ሲጎድል አየር እንዳይገባው እስከ አፉ መሙላት። ነጭ ወይን እንደ ሕፃን ነው፤ ዝም ብለው ሲተዉት ራሱን አያሳድግም። ይህን ሁሉ የምታደርገው ልጅቱ ናት፤ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ምንም ብሎ የሚጠራ ቤት የሠራተኛውን ስም ከየት ያመጣል?

አፍንጫው የጠፋው ከአንድ ከባድ ትኩሳት በኋላ ነው። ልጅቱ ያወቀችው በወተት ነው። ወተቱ ገንፍሎ፣ ተቃጥሎ፣ ቤቱ ጢስ በጢስ ሆኖ ስትገባ፣ ሽማግሌው እምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ተያዩ። ድስቱን አወረደች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ምንም አልተባባሉም። በማግስቱ ወይን ሊቀመስ ሲሆን ብርጭቆውን እሷ አቀበለችው፤ ደህና ወይን ያለበትን ብርጭቆ በእግሩ ይዛ፣ የተበላሸ ያለበትን ሆዱን ጨብጣ። እሱም አሸተተ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ፈረደ። ከዚያ ወዲህ ባለ አፍንጫው የሚያሸትተው በልጁ እጅ ነው። አንድ ቀን እንኳ አላነሱትም። ደግሞም እሷን ቅድስት አናድርጋት፤ ነገሩ ይጥማት ነበር። ከተማው ሁሉ በሚሰግድለት አፍንጫ ውስጥ የተቀመጠችው እሷ መሆኗን እያወቀች፣ ሽርጧን አስራ ጥግ ላይ ቆማ መሳቅ ይጥማት ነበር። በስውር የሚገዛ ሰው በግልጽ እንደማይመሰገን ለማወቅ ይህን ያህል ዓመት መፍጀት አልነበረባትም።

ዘንድሮ ሽማግሌው ምርቱን ለሁለት ከፍሎ ለሁለቱ ልጆቹ ሰጠ። የማን ወይን እንደተሻለ እኔ አሸትቼ እፈርዳለሁ፣ የተሻለው ወደ ትልቁ ሆቴል ይሄዳል፣ የመጋዘኑን ቁልፍም ባለቤቱ ይወስዳል አለ። መጋዘኑን የያዘ ነጩን ወይን ያዘ፤ ነጩን የያዘ ቤቱን ያዘ። ልጅቱ ምን ያስጨንቃታል? ፈራጁ በእሷ እጅ የሚያሸትት ነው። ሬዲዮማ ግድግዳው ላይ ያስጻፈውን እሱ ራሱ አምኖት አረፈው። በርሜሉን ጭማቂ ሞላና ሄዶ ስለ ወይኑ ማውራት ጀመረ። «ከአተላው ለየው እንጂ፣ ይሸትብሃል» ብትለው፣ «እቱ፣ ምንም አንነካም ብለን ለሰው እየነገርን እንዴት እንነካለን?» አላት። እውነትም አልነካውም። አሁን የእሱ በርሜሎች ክዳን ሲከፈት የሚወጣው ሽታ የበሰበሰ እንቁላል ነው። መልኩ ጥርት ያለ ነው፣ ምላስ ላይም ያን ያህል አያስከፋም፤ ችግሩ አፍንጫ ላለው ሰው ነው።

እንግዳው የዚያ ሆቴል ሰው ነበር፤ ሊቀምስና ውል ሊያስር በጠዋት የመጣ። ልጅቱ እጇን አደረቀችና እሱ በሬዲዮ እየተመራ የወይኑን ሐረግ ሲጎበኝ ወደ አባቷ ክፍል ወጣች። ሽማግሌው መስታወት ፊት ቆሞ ክራቫት ያስር ነበር። ክፍሉ ውስጥ ከሦስት ትውልድ የተረፉ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ አንዳቸውም ለመቀመጥ አይመቹም።

«አባዬ፣ ጠርሙስ አጣቢዋ ነኝ» አለች።

«የእሱን ወሬ ከቁም ነገር ቆጥረሽው ነው? እሱ አፍ ብቻ ነው።»

«የእሱን አይደለም። የእርስዎን ነው።»

ሽማግሌው ክራቫቱን ፈትቶ እንደገና ማሰር ጀመረ። «ታዲያ እንግዳ ፊት ልጄን ላዋርድ?»

«እኔስ የማን ልጅ ነኝ?»

ይህን ጥያቄ መስታወቱ ሰማው እንጂ እሱ አልሰማም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወይንሽ ይናገርልሻል» አለ። «ዛሬ ቁልፉ ለማን እንደሚሄድ እኔም አንቺም እናውቃለን። ምን ጎደለሽ?»

«አንድ ቃል። ነጩን የምትሠራው እሷ ናት ይበሉ። ሰውየው እየሰማ፣ ከመቅመሳችሁ በፊት።»

«እንደሱ ካልኩ በኋላ እኔ ምን ልባል ነው?»

«አባቷ።»

ሽማግሌው ሳቀ፤ ልጅ ጨረቃን አውርዱልኝ ሲል እንደሚሳቀው። «በይ ሂጂ፣ ብርጭቆ አዘጋጂ።»

«አዘጋጃለሁ። ዛሬ ግን ከጠረጴዛው ላይ የሚያነሱት እርስዎ ነዎት።»

እጁ ክራቫቱ ቋጠሮ ላይ ቀረ። እሷ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው፤ በዚህ ቤት በር አይወረወርም።

ቀትር ላይ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። አክስትየዋም መጣች፤ የሽማግሌው እህት መሆን እንጂ ሌላ ሥራ ኖሯት አያውቅም፣ እሱንም በየድግሱ ትሠራዋለች። ገና ከመቀመጧ «አንቺ ልጅ፣ ያንን ሽርጥ አውልቂልኝ፤ ሰው መጥቷል'ኮ!» አለች። ልጅቱ አላወለቀችም። ከሁለቱም በርሜሎች ቀድታ ብርጭቆዎቹን በየሰዉ ፊት ጥንድ ጥንድ አድርጋ ደረደረች፣ የማን የቱ እንደሆነ ሳትናገር፣ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ እጆቿን ወደ ኋላዋ አጣመረች። ሬዲዮ ስለ አያቱ፣ ስለ አፈሩ፣ ስለ ዝምታ ጥቅም ለረጅም ጊዜ ተናገረ። ሽማግሌው አላዳመጠውም። ዓይኑ የሴት ልጁን እጅ ይፈልግ ነበር። አንዴ ሽርጧን፣ አንዴ ትከሻዋን፣ አንዴ ጠረጴዛውን አየ፤ ገበያ መሃል እናቱ የጠፋችበት ሕፃን እንዲህ ነው የሚያየው። ልታዝንለት ትችል ነበር። ሊላት የሚገባው ቃል ገና አፉ ውስጥ ነበር፣ ጊዜም ነበረው። አልተናገረም።

የመጀመሪያውን ብርጭቆ አነሳ፤ የእሷን። አሸተተ፣ አንከባለለ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ትርኢቱ ምንም አልጎደለውም። ከዚያ ዓይኑን በስሱ ገልጦ የሆቴሉን ሰው ፊት ማንበብ ጀመረ፤ ሌላ ምን ቀረው? ሰውየው የልጅቱን ወይን ሲቀምስ ግንባሩን ቋጠረ፣ እንደገና ቀመሰ፣ ጠረጴዛውን ትኩር ብሎ አየ። ሰው ያልጠበቀው መልካም ነገር ሲገጥመው እንደዚያ ነው፤ ፊቱን ማሳመር ይረሳል። ሁለተኛውን ሲያነሳ ግን የእንቁላሉ ሽታ ገና ብርጭቆው አፍንጫው ሳይደርስ ተቀበለው። ሰውየው ጨዋ ነው፤ በእንግድነት በሄደበት ቤት ፊቱን አያኮሳትርም። ጥርሱን እስከ መንጋጋው አሳይቶ ፈገግ አለ፣ ተጎነጨ፣ ዋጠ፣ «አቤት!» አለ። ሽማግሌው ያቺን ፈገግታ አየ። እፎይ አለ። የሬዲዮን ብርጭቆ ከፍ አደረገና «ይህ ነው» አለ። «የቤታችን ወይን ይህ ነው።»

በአዳራሹ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበሩ፤ አራቱ የሚሠራ አፍንጫ ነበራቸው። አክስትየዋ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ እየሳበች «የአባታችን ሽታ! ቁርጥ እሱን!» አለች፤ ሟቹ ይህን ስድብ እንዴት እንደሚመልስ አላውቅም። ሬዲዮ «ባሕርይ አለው፣ አይደለም?» አለ ፈንጠር ብሎ። የሆቴሉ ሰው ለአፍታ አመነታ። በጥሩ ደመወዝ የተቀጠረው ለምላሱና ለአፍንጫው ነበር፤ አንድ ጊዜ «ይሸታል» ቢል ሥራውን ሠራ ማለት ነበር። ግን ባለ አፍንጫው ያላሸተተውን እኔ ማን ነኝና አሸትታለሁ ብሎ አሰበ። እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ላይ ሞልቷል፤ ከሁሉም መሥሪያ ቤት ውስጥ አለ፣ ሁልጊዜም ፈራሚው እሱ ነው። መስኮቱ አጠገብ ሄዶ «ሙቀቱ» እያለ አየር ሳበና መኪናው ማታውኑ እንዲጭን ዛሬ ይታሸግልን አለ። ሽማግሌው የመጋዘኑን ቁልፍ ከአንገቱ አውልቆ ለወንድ ልጁ ሰጠ። «ያኛውን» አለ፣ የልጅቱን ብርጭቆ እያመለከተ፣ «በጓሮ በር ልቀቁት።»

ከሰዓት በኋላ ማሸጊያው ክፍል ተከፈተ። ጠባብ፣ መስኮቱ ከጣሪያ ሥር የሆነ ክፍል ነው፤ ወይኑ ከመጋዘኑ በጎማ ቱቦ ግድግዳውን አልፎ ይመጣል፣ አንዷ ትሞላለች፣ አንዷ ወረቀት ትለጥፋለች፣ ልጅቱ ቡሽ ትመታለች። የመጀመሪያው ወይን በጎማው እንደወረደ የምትሞላው ሴት ሻሿን ፈትታ አፍንጫዋ ላይ አሰረች፤ ጓደኛዋም ተከተለቻት። «እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይሉ ነበር» አለች ለጓደኛዋ። «የዘንድሮው በጎማ መጣ።» ሁለቱ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ከሳቁ ይሁን ከሽታው አይለይም።

ሽማግሌው በሩ ላይ ብቅ ሲል ሳቁ ተቆረጠ። ሴቶቹን ባዶ ሣጥን አምጡ ብሎ ላካቸው። የሻሾቹን አስተሳሰር አይቶ ነበር፤ ዓይኑ አሁንም ጤነኛ ነው። ከልጁ ጋር ብቻቸውን ሲሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን በቃል ነካው።

«የቱ ነበር?»

«የመረጡት የእሱን ነው።»

«እሱንማ አሁን ገባኝ። ምን ያህል መጥፎ ነው?»

«ሴቶቹን አይተዋቸዋል።»

ሽማግሌው ባዶ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። «እጅሽን ለምን ነፈግሽኝ?» ቁጣ ሊያስመስለው ሞከረ፤ ሆኖም ድምፁ ልመና ነበር። ልጅቱ መልሱን ጠዋት ነግራዋለች፤ ደግማ አልነገረችውም። ሽማግሌው የዘመናት ብልሃቱን አመጣ። «እንግዲህ የሆነው ሆነ። ጎማውን ከእሱ በርሜል አውጥተሽ የአንቺ ላይ ክተቺው። ማንም አያይም። ሆቴሉ ደህና ወይን ያገኛል፣ ወንድምሽ አይዋረድም፣ እኔም እንደ ወጉ እሞታለሁ። የአንቺም ልፋት ጓሮ አይፈስም። ከዚህ የተሻለ ምን አለ?»

እውነቱን ለመናገር፣ ልጅቱ አመነታች። ወይኗ ነበር። ዓመት ሙሉ በእርጥብ ጆንያ የጠቀለለችው፣ ለጀሪካን የተፈረደበት ወይን ነበር፤ ሰው የራሱን ልፋት ከጥፋት ለማዳን ስሙን መስጠት ቀላል የሚሆንለት ሰዓት አለ። ይህ ቤት የቆመው በዚያ ሰዓት ነው፤ ሽማግሌው ይህን አሳምሮ ያውቃል።

«መጋዘኑ ተቆልፏል» አለች። «ቁልፉ እሱ ዘንድ ነው።»

«እቀበለዋለሁ።»

«ለምን ፈለጉት ቢልዎትስ?»

ከዚህ ክፍል እስከ ሬዲዮ ድረስ ያለው መንገድ አጭር ነበር፤ ግን በመሐሉ «አፍንጫዬ አይሠራም» የሚል ዓረፍተ ነገር ተጋድሟል። ሽማግሌው አሻግሮ አየውና አልዘለለውም።

«ልጄ፣ እስክሞት ታገሺኝ» አለ።

«እስካሁን ያደረግኩት እሱን ነው» አለች ልጅቱ፣ ሴቶቹንም ተጣርታ ማሽኑን አስነሳች።

የታዘዘችው ነገር ሁሉ በሥርዓቱ ሆነ። አንድም ጠርሙስ ሳይጎድል ተሞላ፣ ቡሹ እኩል ገባ፣ የቅድመ አያቱ ፎቶግራፍ ያለበት ወረቀት ቀጥ ብሎ ተለጠፈ። መታዘዝ እንዲህ አስፈሪ ሊሆን እንደሚችል ሽማግሌው አያውቅም ነበር። ሄዶ መተኛት አልሆነለትም፤ በሩ አጠገብ ቆሞ ጠርሙሶቹ ሲያልፉ ያያል፤ አንድ ቃል ቢናገር ሁሉም እንደሚቆም ያውቃል። ሣጥኖቹ ተደረደሩ። ከውጭ የሆቴሉ መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ሲያፏጭ ተሰማ።

መኪናውን ሊያስገባ የመጣው ሬዲዮ ነው። አዳራሹ ሰፊ ስለነበር፣ ወሬም ስለነበር፣ ቀትር ላይ ራሱን ማታለል ችሎ ነበር። እዚህ ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ሽታው እንደ ግንብ ቆሞ ጠበቀው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። የሴቶቹን ሻሽ አየ፣ እህቱን አየ፣ እህቱ ቡሿን አየች። ወደ አባቱ ጠጋ ብሎ፣ ሠራተኞቹ እንዳይሰሙ ባሰበው ድምፅ፣ ሁሉም በሰሙት ድምፅ፣ «አባዬ» አለ፤ «ትንሽ… አልሸተተዎትም?»

ሴቶቹ እጃቸውን አቆሙ። ልጅቱም አቆመች፤ ቡሽ መምቻውን እንደያዘች ቀና ብላ አባቷን አየችው። ጥያቄው ከእሷ አልመጣም፤ ከወንድ ልጁ ነው የመጣው፤ ከዚህ የቀለለ በር ማንም ሊከፍትለት አይችልም። አዎ ቢል መኪናው ባዶውን ይመለሳል፣ ቁልፉ ይመለሳል፤ አይ፣ አልሸተተኝም ቢልም አፍንጫው እንደማይሠራ ይታወቅና እንደዚያው። ሽማግሌው አንድ ጠርሙስ አነሳ። የጠርሙሱን አንገት ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ በደረቱ ሙሉ ሳበ። ጠርሙሱ ግን ቡሹ ተመትቶ የታሸገ ነበር።

«ሸቶኛል እንጂ» አለ። «ደህና ወይን እንዲህ ነው የሚሸተው።»

ሬዲዮ ትንፋሹን ለቀቀ። «እኔም እኮ እሱን ማለቴ ነው» አለና፣ እጁን እያጨበጨበ ጫኞቹን ተጣራ። ልጅቱ የሚቀጥለውን ጠርሙስ አቀረበች።